ዓሣው ሰዓት ይቆጥርብኛል፦ አንዲት የባሕር ዳር ነጋዴ ሥራዋን በራሷ አፍ መናገር የጀመረችበት መንገድ

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የምትሸጪው ምንድን ነው?»

ይህን የጠየቋት ከዳኞቹ አንዱ፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ክፋት አልነበረበትም። ከልባቸው ስላልገባቸው ነው። እሷ ግን አምስት ደቂቃ ሙሉ ስትናገር ቆይታለች። 11 ስላይድ አሳይታለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበርና ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁ።

«በአጠቃላይ ከዓሣ ሀብት ልማት ጋር በተያያዘ...» ብላ ጀመረች። ሰዓቷ አለቀ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ወጣት ሥራ ፈጣሪዎች ሐሳባቸውን በሚያቀርቡበት አንድ ውድድር ላይ ነው። አላለፈችም። ስትወጣ ተከትያት ወጣሁና ሻይ ጋበዝኳት። ከዚያ በኋላ ንግግሯን ለማስተካከል አምስት ሳምንት አብረን ሠራን። የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ ስሟንና የንግዷን ስም ግን ትቻለሁ። በዚህ ከተማ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ሰው ፊት ሲቆሙ ግን ሥራቸው ከአፋቸው የሚጠፋባቸው ብዙ ነጋዴዎች አውቃለሁ። ሁሌም ያንገበግበኛል። የእሷን ታሪክ በዝርዝር ማስቀመጥ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ሐይቁ ዳር

29 ዓመቷ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ፈለገች። ሲጠፋ፣ አጎቷ ዓሣ አስጋሪ ነበርና እሱ ጋ መዋል ጀመረች። አሁን የራሷ ሥራ አላት። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ጣና ዳር ናት። ሌሊቱን መረብ ጥለው ያደሩ ጀልባዎች ይገባሉ። በደንገል ታንኳ የሚመጡም አሉ። ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ ትገዛለች። ከሁለት ሴቶች ጋር ሆና ቅርፊቱን ታነሳለች፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ትለያለች፣ ፊሌቶውን በላስቲክ አድርጋ በባጃጅ ለሆቴሎች ታደርሳለች።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን 3 ኪሎ ቀረሶ ተገፎና ተለይቶ 1 ኪሎ ያህል ፊሌቶ ቢወጣው ነው። ቀሪው ራስ፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ነው። ስለዚህ አንድ ሆቴል 1 ኪሎ ፊሌቶ ሲመልስባት፣ በእሷ በኩል የጠፋው 3 ኪሎ ዓሣ ነው። ይህን ሒሳብ በውድድሩ ላይ አልተናገረችም። እኔ ያወቅሁት ሐይቁ ዳር ሄጄ ነው።

ከውድድሩ በሦስተኛው ቀን ማለዳ አብሬያት ወረድኩ። ንፋስ አልነበረም፤ ጣና ጠዋት ጠዋት እንዲያ ነው፣ ማዕበሉ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ዓሣቸውን ዘርግተዋል። ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች።

«አያ፣ ይሄ የዛሬ አይደለም። አይኑን ይዩት።»

ሽማግሌው ሳቁ። «አንቺን ማን ያታልላል!» ብለው ሌላ ሰጧት። በአውራ ጣቷ ስንጥቡን፣ ዓሣው የሚተነፍስበትን፣ ከፈተችው። ውስጡ ቀይ፣ እርጥብ ነው። ወደ እኔ ዞረችና እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ዓሣ ከውሃ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ሰዓት ይቆጥርብኛል። ሆቴሉ ጋ ስደርስ ትኩስ ካልሆነ ሼፉ ይመልሰዋል። የተመለሰው ደግሞ የኔ ኪሳራ ነው።»

ቆም አልኩ። ሃያ ሴኮንድ አልፈጀባትም። ምን እንደምትሸጥ፣ ለማን እንደምትሸጥ፣ ምን እንደሚያስቸግራት ሁሉም ገባኝ። አዳራሹ ውስጥ አምስት ደቂቃ ተናግራ ያልተገኘው ነገር ይኸው፣ እጇ ላይ ቅርፊት እንደተጣበቀ፣ ሳታስበው ወጣ።

የስብሰባ አማርኛ

ጓደኛዋ ውድድሩን በስልክ ቀርጻላት ነበር። ቁጭ ብለን አየነው። የመክፈቻ ዓረፍተ ነገሯን ቃል በቃል ጻፍኩት፦

«ድርጅታችን የጣና ሐይቅን የዓሣ ሀብት ከማልማት አኳያ ዘመናዊ የእሴት ሰንሰለት በመዘርጋት፣ ለሴቶችና ለወጣቶች ዘላቂ የሥራ ዕድል ከመፍጠር አንጻር፣ እንዲሁም የከተማችንን የቱሪዝም ዘርፍ ከማገዝ ረገድ ሰፊ ራዕይ ሰንቆ የተነሳ ነው።»

አንብቡትና አይናችሁን ጨፍኑ። ምን ታያችሁ? ዓሣ የለም። ሆቴል የለም። እሷም የለችም። አኳያ፣ አንጻር፣ ረገድ ብቻ። ይህ የእሷ አማርኛ አይደለም። የስብሰባ አማርኛ ነው። ሁላችንም ከሪፖርትና ከመድረክ የተማርነው ነው። ማይክ ስንጨብጥ ከየት እንደሚመጣ ሳናውቀው አፋችን ላይ ይመጣል። ችግሩ ማን ምን እንደሠራ፣ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ሳይናገሩ ረጅም ሰዓት መናገር ማስቻሉ ነው።

በአማርኛ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሰሚው «ምን አደረገች?» የሚለውን የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። አንባቢ ተመልሶ ሊያነብ ይችላል፤ ሰሚ ግን አይችልም። መሐል ላይ ሦስት አራት «በመ...»፣ «ከመ...» ከተከመሩ፣ ግሱ ሲደርስ መነሻው ተረስቷል። ቪዲዮው ላይ ያየሁት ሌላም ነገር አለ። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም ትንፋሿ መጨረሻው ላይ ያልቃል። ድምፅዋ ይወርዳል። የሚዋጠው ያ ግስ ነው። ዋናውን ቃል አየሩ ይበላዋል። ለእሷ የሰጠኋት ብቸኛው የድምፅ ልምምድ ከዚህ የመጣ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሪ፣ ከዚያ «ነው» እስክትይ ድረስ ድምፅሽን አትጣይ።

ሰዎች «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን ይዘው ንግግር ማማር አለበት ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ብርሌ ምን እንደሆነ እናስብ። ብርጭቆ ነው። ጠጁ ከውጭ ይታያል፤ ቀለሙም፣ ጥራቱም፣ እስከ የት እንደሞላም። አባቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሲሟገቱ ግጥም ይደረድሩ ነበር፤ ቢሆንም ያቺ መሬት የቷ እንደሆነች፣ ድንበሯ የት እንደሆነ፣ ምስክሩ ማን እንደሆነ ሳይለዩ የሚረታ አልነበረም።

ከስላይዶቿ አንዱን አቆምኩና ጠየቅኳት።

«ዘላቂ የሥራ ዕድል የምትይው ለስንት ሰው ነው?»

«ለሁለት።»

«ታዲያ ሁለት ለምን አላልሽም?»

ትንሽ ዝም አለች። «ያንሳል ብዬ» አለች።

የዚህ ጉዳይ ሥሩ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ያንሳል ብዬ። ሁለት ሰው ቀጥሮ ደሞዝ መክፈል ትልቅ ነገር ነው። በየወሩ 30 ሲመጣ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። እሷ ግን እውነተኛ ሥራዋ ሰው ፊት የሚያሳፍር መሰላት። ስለዚህ በትልልቅ ቃል ሸፈነችው። ስትሸፍነው ደግሞ ሥራው ራሱ ጠፋ። ስንት ሰው እንዲህ ያደርጋል! የሚሠራው ነገር ሳያንስ፣ በራሱ አይን ስላነሰበት ብቻ።

አራት ሥራ በአንድ አፍ

እዚህ ላይ የኔን ስህተት መናገር አለብኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ዓረፍተ ነገር በማረም አጠፋሁት። አንዱን አሳጥረን ስንጨርስ፣ በማግስቱ ተመልሶ ረዝሞ ይመጣል። «ፊሌቶ ለሆቴሎች አቀርባለሁ» ብለን እንስማማለን። ጠዋት «ፊሌቶ ለሆቴሎች ከማቅረብ ጎን ለጎን...» ሆኖ ይመጣል። ቃሉን ሳይሆን ውሳኔውን ማየት እንዳለብኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ደብተር አወጣንና ልትሠራ ያሰበችውን ሁሉ ጻፈች። አራት ወጣ። ለሆቴል ማቅረብ። የራሷን ዓሣ ቤት መክፈት። ወደ አዲስ አበባ መላክ። ለሌሎች ሴቶች ሥልጠና መስጠት። አራቱም ክፉ አይደሉም። ግን አንድ ሰው አራቱን በአንድ አፍ ሲናገር ሰሚው አንዱንም አይዝም። ንግግሯ የተድበሰበሰው እሷ ራሷ ስላልቆረጠች ነው።

ለመቁረጥ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። እናቷ ዓሣ ቤቱን ነበር የሚፈልጉት። «ልጄ፣ ቤት ከከፈትሽ ሰው ያይሻል፤ በባጃጅ ስትዞሪ ማን ያውቅሻል?» ይሏት ነበር። ቀላል ክርክር አልነበረም። የእናት ጭንቀት እንደ ሌላ ሰው አስተያየት በቀላሉ አይታለፍም። እሷ ግን ደብተሯን ይዛ ለሦስት ወር የተመዘገበውን ሒሳብ አየች። ገንዘብ የሚያስገባው አንዱ ብቻ ነበር። በአሥረኛው ቀን ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ለሆቴል ማቅረብ ነው። ሌላውን ለሁለት ዓመት ትቼዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዓረፍተ ነገሮቿ ራሳቸው አጠሩ። ያረምኩት ነገር የለም።

የቡና መሸጫዋ እትዬ

ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ጀበና ቡና የሚሸጡ እትዬ አሉ። ፈቅደውልን ሦስት ጊዜ አስቸገርናቸው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። እሷ ለአንድ ደቂቃ ሥራዋን ታስረዳለች። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን፤ ስለ ስኳር ዋጋ፣ ስለ ልጆች። አሥር ደቂቃ ሲያልፍ «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ምንድን ነው የምትሠራው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያ ቀን፦ «ሰው ልታስተምር ነው መሰለኝ።»

ሁለተኛው ቀን፦ «ዓሣ ትሸጣለች። ዓሣ የሚሸጥማ ሞልቶ!»

ሦስተኛው ቀን፦ «ለሆቴል ሳይበላሽ የምታደርስ ናት። በረዶ ማስቀመጫ ነው የቸገራት።»

ሦስተኛው ቀን ላይ ልጅቷ ተነስታ እትዬን ሳመቻቸው።

ይህ ፈተና ለምን እንደሚያስፈልግ በጠረጴዛ አሳየኋት። ሁሉም የሚያውቀውን የልደት መዝሙር በልብሽ እየዘፈንሽ በጣትሽ ጠረጴዛውን ምቺ አልኳት። አብራት የምትሠራው ልጅ መገመት አቃታት። እሷ ደግሞ «እንዴት አይታወቅሽም!» ብላ ተናደደች። ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሞክራዋለች። 120 ዜማ ተመታ። ሰሚዎቹ ያወቁት 3 ብቻ ነው። መቺዎቹ ግን ግማሹ ይታወቃል ብለው ነበር የገመቱት። ዜማው በመቺው ጆሮ ውስጥ ይሰማል፤ ለሰሚው የሚደርሰው ኳኳታ ብቻ ነው። እሷም «የእሴት ሰንሰለት» ስትል በልቧ የሚታያት ጀልባው፣ ባጃጁ፣ የሼፉ ፊት ነው። ለዳኞቹ የደረሳቸው ኳኳታው ነበር።

ስለ ፍርሃት አጭር ነገር ልበል። እሷ ችግሬ ፍርሃት ነው ብላ ነበር የምታምነው። ከዚህ በፊት የወሰደችው ሥልጠና ላይ ደግሞ ከንግግር 93 በመቶው የሰውነት እንቅስቃሴና ድምፅ ነው፣ ቃሉ 7 በመቶ ብቻ ነው ተብላለች። ቁጥሩ የመጣው ከአልበርት ሜራቢያን የ1967 እ.ኤ.አ. ጥናቶች ነው። ጥናቶቹ ግን የሚመለከቱት በነጠላ ቃል የሚገለጽ ስሜትን ነው፤ የተናጋሪው ድምፅና ፊት ከቃሉ ጋር ሲጋጭ ሰው የቱን ያምናል የሚለውን። እንደ ብድር ጥያቄ ያለ ንግግር ላይ አይሠራም። 7 በመቶ ቢሆንማ ኖሮ ዳኛው «የምትሸጪው ምንድን ነው?» ብለው ባልጠየቋት። ሦስት ወር እጇን እንዴት እንደምታወዛውዝ ስትለማመድ ኖራለች፤ ያሳዝነኛል።

«እጄ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም አይቷል» ስትለኝ ቪዲዮውን ከፈትንና ፈለግነው። የለም። አይታይም። ከውስጥ እንደ ማዕበል የሚሰማት ነገር ከውጭ የለም። ሳቪትስኪና ጊሎቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጭንቀታቸው የሚመስላቸውን ያህል ለሰው እንደማይታይ አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች ካልተነገራቸው የተሻለ መናገራቸውን አሳይተዋል። ለእሷም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ፍርሃቱ አልጠፋም። መደበቅ ግን አቆመች።

ሰባት ሰዎች ፊት

በአምስተኛው ሳምንት የምትቆጥብበት የቁጠባና ብድር ማኅበር ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ሰባት ሰዎች ናቸው። ስላይድ የለም። ፕሮጀክተርም የለም። ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ያለቻትን አንድ አይስ ቦክስ ይዛ ገባች። ክዳኑን ከፍታ አንድ ቀረሶ አወጣች። ያልኩትን ሁሉ የምታደርግ ተማሪ አልነበረችም። ዓሣ ይዘሽ አትግቢ፣ ይሸታል ብያት ነበር። እሷ «ካልሸተተ አይደል ነገሩ!» ብላኝ ይዛው ገባች። ልክ ነበረች።

«ይህ ቀረሶ ከጣና የወጣው ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። አሁን 8 ሰዓት ሆኗል። ስንጥቡን ላሳያችሁ።» ከፈተችው። ቀይ ነው። «በረዶ ላይ ስለዋለ ነው። እኔ ዓሣ ገዝቼ፣ አጽድቼ ለሦስት ሆቴሎች አቀርባለሁ። ሁለት ሴቶች አብረውኝ ይሠራሉ። ያለኝ አይስ ቦክስ ይሄ ብቻ ነው። እዚህ የገባው እንዲህ ሆኖ ይደርሳል። ያልገባው በላስቲክ ይሄዳል። ባለፈው ወር 14 ኪሎ ፊሌቶ ተመልሶብኛል። 14 ኪሎ ፊሌቶ ማለት 42 ኪሎ ዓሣ ነው። ለሦስት አይስ ቦክስና ለአንድ ፍሪዘር ብድር እጠይቃለሁ። በ10 ወር እመልሳለሁ።»

አለቀ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ዝም ብላ ቆመች። ያቺ ዝምታ ከባድ ናት፤ ብዙ ሰው እሷን ሊሞላ ሲል ነው የሚያበላሸው።

ጥያቄው መጣ። ከኮሚቴው አንድ አዛውንት «ነጭ ዓሣስ? እሱ እኮ ክረምት ላይ እንደ ልብ ነው» አሏት። «ነጭ ዓሣ ክረምት ላይ ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣው ዕንቁላል ሊጥል ነው፣ አባቴ። ወንዝ አፍ ላይ የሚያዘው ያኔ ነው። እሱን አልገዛም። ዛሬ ከገዛሁት የዛሬ አምስት ዓመት የምገዛው የለኝም።» አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጀመሪያው ውድድር ላይ «አካባቢያዊ ዘላቂነት» የሚል ስላይድ ነበራት። ያኔ ማንም ራሱን አልነቀነቀም።

«አራተኛ ሆቴል ቢጠይቅሽስ?»

«ለስድስት ወር አልቀበልም። መጀመሪያ ሦስቱን ሳላጓድል ላድርስ።»

«የበረዶ ዋጋ ቢጨምር ብድሩን ትችይዋለሽ?»

እዚህ ላይ ቆመች። «አልሠራሁትም። ነገ ጠዋት ሠርቼ አመጣለሁ።» በማግስቱ በአንድ ገጽ ወረቀት ወሰደችላቸው። ድሮ ቢሆን «ከዚህ አንጻር የተለያዩ አማራጮችን በማየት...» ትል እንደነበር እሷም ነግራኛለች።

የመጨረሻው ጥያቄ «መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ምን ያደርግልሻል?» የሚል ነበር። «ቶሎ አይሞቅም» አለች። ስንት ሰዓት እንደሚይዝ ግን አልመለሰችም። ለአይስ ቦክሶቹ ብድሩ ተፈቀደ። ለፍሪዘሩ አልተፈቀደም።

አንድ ቀን ሙሉ ከፋት። ስልኳንም አላነሳችም። እኔ በበኩሌ ኮሚቴው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። መልስ የሌለው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ገንዘቡ የቀረውም እዚያው ጥያቄ ላይ ነው። የቀረው ለእሷ ባላቸው ንቀት አልነበረም። ይህን ስነግራት መጀመሪያ አልተቀበለችኝም።

አይስ ቦክሶቹ ከገቡ አራት ወር ሆነ። ባለፈው ወር የተመለሰባት 3 ኪሎ ነው። አራተኛ ሆቴል ጠይቋት እምቢ ብላለች። እናቷ አሁንም ስለ ዓሣ ቤቱ ያነሳሉ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ደወለችልኝ። የጎረቤቷን ፍሪዘር ለአንድ ቀን ተውሳ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በበረዶና በዓሣ ሞልታ ሶኬቱን ነቅላዋለች። ክዳኑን ላለመክፈት ቃል ገብታ ሙቀት መለኪያውን ውስጡ አስቀምጣለች። የደወለችው በማግስቱ ከፍታ ካየችው በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ እስከ ማግስቱ ጠዋት ይዟል። ሰኞ ልጠይቃቸው ነው።»